በዳቦ ቤት የተሞሉ ጥይቶች

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለሄደው፣ ከልቤ ግን ላልራቀው ታላቅ ወንድሜ ለሩናር፤

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ ዛሬም የሰው በግ ስትሸልት ጎብጠህ ውለህ ጎብጠህ ታድራለህ? ባለቤትህ አይሊን እንዴት ናት? ትንሹ ልጃችሁ ኮሊን ጥርስ አበቀለ ወይ? ፎቶግራፉን እማዬ ግድግዳው ላይ ሰቅላ ለገባ ለወጣው ሁሉ ታሳያለች፤ ፖስተኛው እንኳ በቃኝ ብሏል። እናንተ ጋ ብርዱ እየወጣ ነው ብለሃል፤ እኛ ጋ ደግሞ ሊገባ በሩን እያንኳኳ ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ የታመመ የለም ማለቴ ነው እንጂ፣ እኔስ ኦገስት ከገባ ጀምሮ ልቤ አርፎ አያውቅም፤ ቁጭ ስል መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያምረኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በጁላይ የላክኸው ደብዳቤ በደህና ደርሶኛል። እዚያ የፋብሪካ ጥይት ኪስ የሚያራቁት ሆኖብህ፣ የተኮስክበትን ቀለህ እየሰበሰብክ አንተው ራስህ ልትሞላ እንዳሰብክ፣ ግን በትንሽ ገንዘብ ምን ምን ዕቃ መግዛት እንደሚበቃህ ግራ እንደገባህ ጽፈህልኛል። አባባን ጠይቂልኝ፣ እኔ ብጽፍላቸው ልጅነትህን ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ምን ስታይ ነበር ይሉኛል ብለሃል። እውነትህን ነው፣ ይሉሃል። እኔ ግን አልጠየቅኳቸውም፤ መልሴ የዘገየብህም ለዚህ ነው። ለምን እንዳልጠየቅኩ ልንገርህ። የዕቃውንም ነገር በዚያው ታገኘዋለህ፤ ምክንያቱም ወሩን ሙሉ ስገዛና ስመልስ የከረምኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በኦገስት መጀመሪያ፣ የአደን ቡድናችን ለዓመቱ የተኩስ ፈተና ሜዳ በወጣበት ቅዳሜ ነው። ያ በሐዲድ ላይ የሚሮጠው የእንጨት አጋዘን ዘንድሮ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የቀባው ጎረቤታችን ሲክስተን ስለሆነ አጋዘን ሳይሆን የታመመች ላም ነው የሚመስለው፤ ሁላችንም በዚያ ስንስቅ ነበር። የአባባ ተራ ደረሰ። ሁለቱን ጥይቶች እንደ ልማዳቸው ልቡ ላይ አሳረፉ። ሦስተኛውን ሲተኩሱ ጠመንጃው አላገሳም፤ የቢራ ጠርሙስ ሲከፈት የምትሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ብቻ ወጣች። አባባ ምንም እንዳልሆነ መቀርቀሪያውን ስበው ባዶውን ቀለህ ጣሉና አራተኛውን ሊያጎርሱ ሲሉ፣ የቡድኑ መሪ ኤቨርት ነጥብ ከሚይዝበት ዘሎ መጥቶ እጃቸውን ያዘ።

«አርቪድ፣ ተው። አረሩ አልወጣም» አላቸው።

አንተ ለዚህ ሥራ ጀማሪ ነህና ምን ማለቱ እንደሆነ ላስረዳህ። ያቺ ጥይት ውስጧ ባሩድ አልነበረም። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው መለኮሻ ብቻዋን ነድዳ አረሩን፣ ጫፏ ላይ ያለውን እርሳስ፣ እስከ በርሜሉ መሀል ገፋችውና እዚያው ተሰነቀረ። በርሜሉ ተደፍኖ ሳለ ከኋላው ሌላ ጥይት ቢተኮስ ጠመንጃው የሚፈነዳው ፊታቸው ላይ ነበር። አባባ እጃቸውን ከኤቨርት አስለቅቀው፣ መለኮሻው እርጥበት አግኝቶት ይሆናል አሉ። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ። ሲክስተን ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ሌሎቹም ዕቃቸውን ሸከፉ። አረሩን በብረት ዘንግ መትተን ያወጣነው ቤት ገብተን ነው።

እኔ ግን እርጥበት እንዳልሆነ በዚያው ቀን አወቅኩ። የአባባ አሠራር መቼም ትዝ ይልሃል። ያልተሞላው ቀለህ በእንጨቱ መደርደሪያ ላይ አፉን ተደፍቶ ይቆማል፤ አንድ በአንድ ባሩድ የገባበት ብቻ አፉን ወደ ላይ ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አረሩ ከመከተቱ በፊት የእጅ ባትሪ አብርተው የእያንዳንዱን ሆድ ያያሉ። ይህን ሳያደርጉ አንዲት ጥይት ከጠረጴዛቸው አትነሳም ነበር። እሳቸው ወጣ ሲሉ ጠብቄ ወደ ሥራ ክፍላቸው ገባሁና ባትሪውን ብጫነው አልበራ አለኝ። ብከፍተው ድንጋዩ ፈሶ ዝጓል። ስንት ወር እንዳልተነካ እግዜር ይወቅ። አባባ እየረሱ ነው፣ ሩናር። የሰው ስም ወይም የመኪና ቁልፍ ቢረሱ ዕድሜ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው።

በሳምንቱ ኤቨርት የወተት መኪናዬን መንገድ ላይ አስቆመኝ። ኮፍያውን እያሻሸ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ወተቱ ዋጋ አወራ፣ ሞተሩን ሳጠፋ ነው የመጣበትን የተናገረው።

«አባትሽን ከቡድኑ የሚያስወጣ የለም» አለኝ። «የሚተኩሰው ጥይት ግን እሱ የሞላው አይሁን። ከእሱ አጠገብ የሚቆምም ሰው አለ። ንገሪው።»

«እርስዎ አይነግሯቸውም ጋሽ ኤቨርት?»

«እኔ? ከአርቪድ ጋር ስንቱን ዘመን አብሬ አድኜ? የድብ ወተት ባልብ ይሻለኛል።»

እኔ ብሞላላቸውስ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና፣ እሺ ካለ እኔም እሺ፣ ግን አይልም አለና መኪናውን አዙሮ ሄደ። እሺ ካላሉ ረግረጉ ዳር ያለው ቦታቸው ለሌላ ይሰጣል ማለት ነው። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ የቆሙበት ቦታ ነው። አባባ ከአደኑ ከቀሩ ይህን ክረምት አይወጡትም፣ ይህን ስልህ እያጋነንኩ አይደለም። ጨለማው ሲገባ የሚያቆማቸው የአደኑ ወሬ ነው፤ ሥጋው፣ ውሻው፣ ማን የት ቆሞ እንደሳተ። እሱ ከተወሰደባቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።

የፋብሪካ ጥይት አይገዛላቸውም ወይ ትለኝ ይሆናል። የእሳቸውም ጠመንጃ፣ እኔ የምይዘው የአያታችንም ጠመንጃ ያ የድሮው ባለ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሚሊሜትር ነው። ከተማ ያለው ባለ ሱቅ መደርደሪያውን አሳየኝ፣ ባዶ ነው፤ ቢታዘዝ የሚመጣው በኦክቶበር፣ አደኑ ካለፈ በኋላ ነው አለኝ። ስለዚህ መሙላት ሊኖርብኝ ነው። በአባባ ዕቃ እንዳልሞላ ደግሞ ጠረጴዛውን ልዋስ ማለት በቃዎት ማለት ነው። መጀመሪያ ራሴን ችዬ ተምሬ፣ ጥሩ ጥይት በእጄ ይዤ ብነግራቸው ይቀላል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው የራሴን ዕቃ ልገዛ የተነሳሁት፣ በዚህ በወተት መኪና ደሞዝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ከሁሉ የረከሰውን ነው። በፖስታ ታዞ በትንሽ ካርቶን የሚመጣ፣ ቀለሁን ብረት ውስጥ ከትተህ በመዶሻ እየመታህ የምትሠራበት ዕቃ አለ። አንተ ያለህ አንድ ጠመንጃ ከሆነና ቀለሁም በራስህ ጠመንጃ የተተኮሰ ከሆነ ለጊዜው ሊበቃህ ይችላል። ለእኔ ግን አልሆነኝም። ይህ ዕቃ የሚያጠብበው የቀለሁን አንገት ብቻ ነው፤ ገላውን አይነካም። አባባ በባልዲ ያጠራቀሙት ቀለህ የሁለታችን ጠመንጃ የተኮሰው ተደባልቆ ስለሆነ፣ ግማሹን የእኔ ጠመንጃ አልጎርስም አለ። ድምፁም አለ። የምሠራው ጓሮ ባለችው የእማዬ ዳቦ መጋገሪያ ቤት ውስጥ ተደብቄ ነው፤ መዶሻው ኳ ኳ ሲል ውሻው ቴል ይጮሃል፣ አባባ በመስኮት ብቅ ይላሉ። እማዬን ምን ነው የሚንኳኳው ብለው ሲጠይቋት፣ ልጃችን ሶልቬይ የቂጣ መዳመጫውን እየጠገነች ነው አለቻቸው። እማዬ ነገሩን ነግሬያት ነበር፤ እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ትችላለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይቼ ኦስተርሹንድ ከተማ ካለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አሮጌ መጭመቂያ በሦስት መቶ ክሮነር ገዛሁ። ይህ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በእጀታ የሚጫን ብረት ነው። ሁለተኛ እጅ መግዛት አትፍራ፣ ዝገትም አያስደንግጥህ፤ ዋናው ነገር ዘንጉ ሲወጣና ሲወርድ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ነው፣ በጣትህ ይዘህ ፈትነው። ቀለሁን ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመልሰውንና አረሩን የሚከትተውን ብረት ግን አዲስ ገዛሁ፣ ለዚህ ለእኛ ጠመንጃ አሮጌ ስላልተገኘ። ከሁሉ የተወደደብኝም እሱ ነው። የቀለሁን ርዝመት መለኪያውን ከሥራ መሣሪያ መሸጫ ርካሹን ወሰድኩ፣ ይበቃል። መደርደሪያውን ከበርች እንጨት ራሴ በስቼ ሠራሁት። ባለ ሱቁ ሁሉም ነገር በአንድ ሳጥን የታጨቀበት፣ ባለ ብዙ ቀለም ትልቅ ዕቃ ሊሸጥልኝ ሲለፋ ነበር። ግማሹን ዓመት ሙሉ አትነካውም፤ እንዳትሸወድ።

አደራ የምልህ ሚዛኑንና መጽሐፉን ነው። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ባሩዱን በፕላስቲክ ማንኪያ ልሰፍር አስቤ ነበር። አንዱን ማንኪያ ደጋግሜ ሰፍሬ የፖስታ ቤቷ ሴት ሚዛን ላይ ባስቀምጠው፣ እጄ ሲጠብቅና ሲላላ ልኩም አብሮ ይለያያል። እዚያው ደነገጥኩና ደህና ሚዛን ገዛሁ፤ በሩን ዘግተህ፣ ንፋስ ሳይነካው፣ ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምረህ መዝን። መመሪያ መጽሐፉ ደግሞ አዲሱ ኅትመት ይሁን፤ ከዝቅተኛው ልክ ጀምር። መጠጥ ቤት የሚነግሩህን ልክ እንዳትሰማ፣ የጓደኛህ ጠመንጃ የቻለውን የአንተ ላይችል ይችላል። ጠረጴዛህ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ። ስትሞላ ሰው ቢጠራህ አቁመህ ሁሉንም ወደ ጣሳው መልስና እንደገና ጀምር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሚዛኑ በመጣ ዕለት ሌላ ነገር አደረግኩ። አባባ ለዘንድሮው አደን ሞልተው በስሜ ያስቀመጡልኝ አንድ ሳጥን ጥይት ነበር። ያው እንደ ሁልጊዜው የውስጡ ክዳን ላይ ስሜን በእርሳስ ጽፈውበታል። አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ሁሉም ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዷ ብቻ ከሌሎቹ ሦስት ግራም ያህል ቀለለች። መልሼ መላልሼ መዘንኳት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብነቀንቃት ጭጭ አለች። ሌሎቹ ሲነቀነቁ ባሩዱ እንደ አሸዋ ይሰማል። ያቺን ጥይት በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት፣ ከዚያ ወዲያ ወተት ስጭን ሳወርድ ሁሉ ጭኔን ስትነካኝ እየደነገጥኩ ከረምኩ። ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም።

እንዲህ ስል ስል አደኑ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀረው። አባባም መጠርጠር ጀምረዋል። ማክሰኞ ምሳ ላይ ድንቹን እየላጡ፣ «ይቺ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቤት ትውላለች፤ እስካሁን አንድ ቂጣ አልቀመስኩም» አሉ። እማዬ ሊጡ አልነሳላትም አለች። ስስ ቂጣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚነሳው አሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቻኩዬ ስሠራ ቀለሁ የሚቀባውን ቅባት አሳንሼ ኖሮ አንዱ ቀለህ ብረቱ ውስጥ ተቀረቀረ። እጀታውን በሙሉ ኃይሌ ብስበው ቂጡ ተገንጥሎ ወጣ፣ ገላው ውስጥ ቀረ። ያ ከሁሉ የተወደደው ብረት! መዶሻ አንስቼ ስደበድብ፣ ስሳደብም ጭምር፣ በሩ ተከፍቶ አባባ ቆመዋል።

መጭመቂያውን አዩት፣ ሚዛኑን አዩት፣ መጽሐፉን ገለጥ አድርገው ከደኑት። ከዚያ የተቀረቀረውን ብረት ከእጄ ወሰዱና «ቅባት ነፍገሽዋል» አሉ። መሰርሰሪያ አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ። ቀለሁን ከኋላው በስተው፣ ብሎን አስገብተው፣ ቀስ እያሉ አወጡልኝ። እጃቸው ምንም አይንቀጠቀጥም፣ ሩናር። ለዚህ ለዝገት ክምር ስንት ከፈልሽ አሉኝ፤ ብነግራቸው በዚህ ዋጋ የሸጡልሽ ለውዝ መስበሪያ መሆኑን ነግረውሽ ነበር ወይ አሉ። ልስቅ ስል ዓይናቸው ከበርች የሠራሁት መደርደሪያ ላይ አረፈ። ቀለሆቹ አፋቸውን ተደፍተው ተሰልፈዋል። ብዙ ጊዜ አዩአቸው። ያን ጊዜ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ኤቨርት ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ጥይቷንም ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋት።

«የኔ ናት?» አሉ።

«የእርስዎ ናት አባባ።»

«ከማን ሳጥን?»

«ከእኔ።»

ጥይቷን ኪሳቸው ከተው ወጡ። በሩን እንኳ አልዘጉትም። በመስኮት ሳያቸው ወደ ቤት አልሄዱም፤ እንጨት መቁረጫው ጋ ሄደው መጥረቢያውን ይዘው ቆሙ፣ ግን አልፈለጡም። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እማዬ የዘንድሮውን የመጀመሪያ የቦካ ዓሣ ቆርቆሮ ከፈተች፤ አንተ እንኳ ሽታውን ሳትሰማው አልቀረህም። እሳቸው ግን ያን የሚወዱትን ምግብ ጥለው ተነሱ። ባሩዱን ሁሉ ከመደርደሪያቸው አውርደው ካዝናው ውስጥ ቆልፈውበታል ብላ እማዬ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ምን ሠራሁ አልኩ። አባቴን ከሞት ላድን ብዬ በቁማቸው ገደልኳቸው ብዬ አለቀስኩ። እያለቀስኩም ሞላሁ። ቅባቱን ሳልነፍግ፣ ባትሪ አብርቼ እያየሁ፣ ሞልቼ ስጨርስ ደግሞ እየመዘንኩ። መንገድ ላይ ሆኜ የባሩዱን ጣሳ ከድኜዋለሁ አልከደንኩም የሚል ነገር ይይዘኝና ወተቱን እንደጫንኩ ተመልሼ እመጣለሁ። ሁልጊዜም ተከድኖ ነው የማገኘው።

ትናንት ቅዳሜ ከአደኑ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተኩስ ሜዳ ወጣን። ፈተናውን ያላለፉት አባባ ብቻ ናቸው። አይመጡም ብለን ተስፋ ቆርጠን ሳለ ያ ባለ ጋሪ ሞተር ብስክሌታቸው ሲንጣጣ ተሰማ። ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው መጡ። የጥይት ሳጥናቸውን ግን አልያዙም። ኤቨርት አየና ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም መሬቱን አየሁ። አባባ ቡድኑን ሁሉ ሰላም ብለው፣ በሰው ፊት ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ» አሉ።

የጥይት ሳጥኔን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሳያጥፉ፣ በመጽሐፉ ዝቅተኛው ልክ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው አልኳቸው። በባትሪ አይተሻል ወይ አሉ። ሁለቴ አልኳቸው። ፈተናው የሚጠይቀውን ያህል ቆጥሬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። አንዷንም አገላብጠው አላዩአትም። ሄደው ቆሙ፣ የመጀመሪያዋን አጎረሱ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው። የሠራሁትን ሁሉ ረሳሁ፤ መመዘኔን ረሳሁ፣ ባትሪውን ረሳሁ፤ አፏን ቀና አድርጌ ባሩድ ያልጨመርኩባት አንዲት ቀለህ ብትኖርስ ብቻ ነው የማስበው። ሳላውቀው ከኋላቸው ሄጄ ትከሻቸውን ያዝኩ። ልጅ ሆነን ስንተኩስ እሳቸው እንዲህ ከኋላችን ቆመው ትከሻችንን ይይዙን አልነበር? ጠመንጃው እንዳይገፋን ይመስለኝ ነበር። ለካ እሳቸውም የሚይዙት አጥተው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዷ ጥይታችን እንዲህ ሲሆኑ እንደኖሩ ትናንት ነው የገባኝ። አባባም እጄን አላራገፉትም።

ጠመንጃው አገሳ። ሁሉም ጥይት ልቡ ላይ አረፈ፣ ያቺ የሲክስተን ላም ቀለሟ ተገሸለጠ። ኤቨርት ነጥቡን ጻፈና፣ ሰኞ ረግረጉ ዳር፣ አርቪድ፣ እንደ ድሮው አላቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና ባዶ ቀለሆቹን ከመሬት ለቅመው ለእኔ ሰጡኝ፤ ለሚቀጥለው አሉ።

ዛሬ እሑድ ነው፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን። ደስ ሊለኝ ሲገባ አሁንም ልቤ አላረፈም። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ የቀሩትን ጥይቶች አውጥቼ እንደገና መዘንኳቸው። እንግዲህ እሳቸው እሺ እስካሉ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ መሆኔ ነው፤ እወቀው። ምሳ ላይ በመጨረሻ ያንተን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ልጅነቱን ሙሉ አጠገቤ ቆሞ ምን ሲያይ ነበር አሉ፣ አላልኩህም? ከዚያ ግን ሚዛንና መጽሐፍ አዲስ ይግዛ፣ ሌላው አሮጌ ቢሆን ግድ የለም አሉ። እኔ አስቀድሜ የነገርኩህን ማለት ነው፣ ስለዚህ ምክሬን አትናቅ።

በል እንግዲህ፣ ለአይሊን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ቋንቋችንን መማር ከጀመረች ለእሷም እጽፍላታለሁ። ኮሊንን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ከረግረግ የለቀመችውን የእንጆሪ ማርማላታ በፖስታ ልላክለት ብላ ማሰሮው እንዳይሰበር ባንተ የድሮ ሹራብ ጠቅልላለች፣ ሹራቡንም ልበሰው ብላሃለች። ሲክስተን ሰላም ብሎሃል፤ ኤቨርትም እንዲሁ፤ ቴል እንኳ ስምህ ሲጠራ ጆሮውን ያነሳል። አባባ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠመንጃቸውን እየወለወሉ ይህን ስጽፍ ያዩኛል። ምን ልበልልዎት ብላቸው፣ ሰላም በይልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፣ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት መቼም መች እንዳይተኩስ፣ የወዳጁም ቢሆን፣ የአለቃውም ቢሆን በይልኝ አሉኝ። እየጻፍኩ ሳለ፣ «ጻፍሽው?» አሉ። ጻፍኩት አልኳቸው። «እንግዲያው ከሥሩ ጨምሪበት፤ የእህትህ ካልሆነ በቀር።»

እህትህ ሶልቬይ
ስቫርትቪክ፣ የምትላንድ
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1991